ሰባቱ ልጆችና የዘጠኝ ሰዓት ምሳ

ለእረፍት ደብረ ታቦር በገባሁ በማግስቱ ከእናቴ ጋር ገበያ ወጣሁ። ገና ጨርቅ ተራው ጋ ሳንደርስ እትዬ ዘይነባ ከሱቃቸው በር ላይ ሆነው ጠሩኝ።

"ነይ እስቲ አንቺ! የጃፓንን ልጆች ጾም አስገብተሽ ልትፈጂያቸው ነበር አሉ?"

ዞር ብዬ እናቴን አየኋት። እናቴ ደመናውን ትመለከታለች።

"ማን አለ፣ እትዬ?"

"አገሩ ሁሉ ነዋ። ለመሆኑ ያስጾምሻቸው በእኛ ነው በእናንተ? ያን ሰሞን እኮ የእኛም ጾም ነበር።"

ነገሩን በስልክ ለእናቴ ያጫወትኳት እኔው ነኝ። ከእናቴ ወደ ጽዋ ማኅበራችን፣ ከማኅበሩ እብናት ወዳለችው አክስቴ ሄዶ፣ ከእብናት ተመልሶ ገበያ ሲደርስ ሰባቱ ልጆች ሰባ ሆነዋል፤ ጥቂቶቹም ተጠምቀዋል። እናም የማኅበራችን እኅቶች "እንደነበረ ጽፈሽ አንብቢልን" ቢሉኝ እሺ አልኩ። የነሐሴ ዝናብም ከቤት አላስወጣ ብሎኛል።

መጀመሪያ ሥራዬን ላስረዳ። እኔ ጃፓን የእንግሊዝኛ ረዳት መምህርት ነኝ። ዋናው መምህር ሲያስተምር አጠገቡ ቆሜ ሥዕል አነሣና በእንግሊዝኛ "ፖም" እላለሁ፤ ልጆቹ ይደግማሉ። "ውሻ" እላለሁ፤ ይደግማሉ። ይህን ለእናቴ ሳስረዳት "እና ለዚህ ነው ባሕር ያሻገሩሽ?" ብላኛለች። ለዚህ ነው። የሆነው ሆኖ ዛሬ ጃፓን ውስጥ እንግሊዝኛን በደብረ ታቦር ቅላጼ የሚናገሩ ልጆች አሉ፤ ኃላፊነቱን እወስዳለሁ።

ጾሜን በተመለከተ፣ በምሠራበት ከተማ ማንም አልተቸገረብኝም። ቀትር ላይ ልጆቹ በየክፍላቸው ከመምህራቸው ጋር ምሳ ሲበሉ እኔ መምህራን ክፍል ተቀምጬ ደብተር አርማለሁ። ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን (ሰዓቱን ሁሉ በእኛ አቆጣጠር ነው የምጽፈው) ቋጥሬ ያመጣኋትን እበላለሁ። ምክትል ርእሰ መምህሩ የሚያደርጉኝ ቢያጡ አለርጂ ካለባቸው ልጆች ጋር መዝግበውኛል፦ ለሥጋ፣ ለወተት፣ ለእንቁላል፣ ለዓሣና ለቀትር።

ዐቢይ ጾም በገባ በሁለተኛው ሳምንት አለቃዬ ጠሩኝ። ተራራው ላይ ያለች አንዲት ትንሽ ትምህርት ቤት ልትዘጋ ነው፤ ልጅ አልቆባታል። የቀሩት ሰባት ተማሪዎች አዲሱ የትምህርት ዘመን ሲጀመር ወደ እኛ ይወርዳሉ። "ሲመጡ ቢያንስ አንድ የሚያውቁት ፊት ይኑር፤ ሄደሽ ሳምንቱን አብረሻቸው ሰንብቺ" አሉኝ። የተላክሁት እንዳይፈሩ ነው። ይህንን ልብ በሉልኝ።

ሰኞ

ባለ አንድ ፉርጎ ባቡር ወስዶ ተራራው ሥር አወረደኝ፤ ከዚያ አውቶቡስ ነው። ከደብረ ታቦር አንበሳሜ የተሳፈረ ሰው እንደሚያውቀው የእኛ መኪና ሳይሞላ አይነቃነቅም። ረዳቱ "አንድ ሰው! አንድ ሰው!" ይላል፤ አንዱ ሰው ሲገባ አሁንም የሚጎድለው አንድ ሰው ነው። እዚያ ግን መኪናው ባዶውን ተነሣ። ተሳፋሪዋ እኔ ብቻ ነኝ። ሾፌሩ ነጭ ጓንት ያጠለቁ ሽማግሌ ሲሆኑ በየፌርማታው ይቆማሉ፣ በሩን ይከፍታሉ፣ በረዶውን ያያሉ፣ ይዘጋሉ፤ ከዚያ በድምፅ ማጉያ "እንነሣለን፤ እባክዎ ደህና አድርገው ይያዙ" ይላሉ። ለእኔ ለአንዷ። ዝም ማለቱ ነውር ስለመሰለኝ በየፌርማታው "እሺ አባቴ" እል ጀመር። እሳቸውም በመስተዋቱ እጅ ይነሣሉ። እንዲህ ስንከባበር ደረስን።

ብርዱን አትጠይቁኝ። የጉና ውርጭ ሌሊት መጥቶ ጠዋት ፀሐይ ስታየው ይሸሻል። የዚያ አገሩ በረዶ ግን ቤት ሠርቶ የተቀመጠ ነው፤ ጣሪያ ላይ እንኳ ከኔ ቁመት ይበልጣል።

ፌርማታው ላይ አንዲት አጠር ያሉ አሮጊት የፕላስቲክ መንሸራተቻ በገመድ ይዘው ይጠብቁኛል። ሻንጣዬን እሱ ላይ ጫኑና እንደ በቅሎ እየጎተቱ ቀደሙኝ። ፉሚ ይባላሉ። የትምህርት ቤቱ ወጥ ቤት ናቸው፤ ባላቸው የሞቱባቸው፣ ልጆቻቸው ከተማ የገቡባቸው። ሳምንቱን የማድረው እሳቸው ዘንድ ነበር። በአገሬ ልማድ "እማማ ፉሚ" አልኳቸው፤ ትርጉሙን ሲሰሙ "የሰፈሩ ሁሉ እናት? ደመወዙ ስንት ነው?" አሉ።

ጾመኛ መሆኔን ከከተማ ተነግሯቸው ለእራት የአትክልት ወጥ ሠርተዋል። ከላዩ ግን እንደ ስስ ፍቅፋቂ እንጨት ያለ ነገር ነስንሰውበት፣ ፍቅፋቂው በእንፋሎቱ ይወዛወዛል። ደነገጥኩ።

"እማማ፣ ይንቀሳቀሳል!"

"ሥጋ አይደለም።"

"ምንድን ነው?"

"ደረቅ ዓሣ። ለጣዕም ብቻ ነው።"

ዓሣ ሥጋ ነው አይደለም የሚለው ክርክር እኛም አገር ስንቱን እንዳጣላ ስለማውቅ አልተከራከርኩም። ሲወዛወዝ ካየሁት በኋላ ግን እጄ አልሄድ አለኝ። እማማ ፉሚ ሳህኑን አንሥተው ነጭ ሩዝና በጨው የተቀመመ፣ ካሮት መሳይ ነጭ ሥር አቀረቡልኝ። ከዚያ የመደርደሪያውን ዕቃ ሁሉ እያወረዱ "ይህስ?" "ይህስ?" እያሉ ሲጠይቁኝ አመሹ። በመጨረሻ እንደ ጠፍር የደረቀ የባሕር ቅጠል አሳዩኝ። ቅጠል ከሆነ ይሁን አልኩ።

ማክሰኞ

ጎሕ ሲቀድ ነጠላዬን ተከናንቤ ለጸሎት ወጣሁ። ቤቱ ጠባብ ነው፤ ምሥራቁ ደግሞ በጓሮው በኩል ነበር። በረዶው ላይ ቆሜ ገና "በስመ አብ" ከማለቴ ከኋላዬ ጩኸት ሰማሁ፤ ወዲያው አንድ ነገር ትከሻዬ ላይ ተረጨ። እኔ የደብረ ታቦር ልጅ በጠዋት አንድ ነገር ሲረጭብኝ የማውቀው ጸበል ነውና አንገቴን ዝቅ አድርጌ ተቀበልኩ። ደገሙኝ፤ ሦስተኛም ረጩኝ። ከንፈሬ ላይ ስቀምሰው ጨው ነው።

ለካ በእነሱ ተረት በበረዶ ጊዜ ነጭ ለብሳ የምትቆም ሴት ደግ ሴት አይደለችም፤ የምትባረረውም በጨው ነው። እማማ ፉሚ የጨው ዕቃውን ታቅፈው ቆመዋል፤ መንፈሷ እንደ መሸሽ አንገቷን ደፍታ "አሜን" ስትል ጊዜ የባሰ ግራ ገብቷቸዋል።

"እኔ ነኝ፣ እማማ።"

"አንቺ ነሽ?"

"ጸሎት ላይ ነኝ።"

"ሞተሽ ነው ወይስ በደህና?"

በማግስቱ ስወጣ ከጓሮው በር እስከዚያች ቦታ ድረስ በረዶው ተጠርጎ መንገድ ተሠርቶልኛል። የምቆምባትም ላይ የሣር ምንጣፍ ተነጥፋለች። መቼ ተነሥተው እንደሠሩት አላውቅም።

ትምህርት ቤቷ በር ላይ የጫማ መደርደሪያ አለ፤ እንደ ቤተ ክርስቲያን ጫማ አውልቆ ነው የሚገባው። ግድግዳውን የሞላ መደርደሪያ ላይ ሰባት ጥንድ ትንንሽ ጫማ ብቻ ጥግ ይዞ ተቀምጧል። ርእሰ መምህሩ አቶ ሞሪ ስለ አገሬ ሲጠይቁኝ፣ እኛ ዘንድ ልጆች አንድ ዴስክ ላይ ተጣበው እንደሚቀመጡ፣ ክፍል ስለማይበቃም ግማሹ ጠዋት ግማሹ ከሰዓት እንደሚማር ነገርኳቸው። ወደ ባዶው መደርደሪያ ዞረው አዩ።

"ጥቂት ብትልኩልን" አሉ።

ልጆቹ ፈርተውኝ ነበር። ትንሿ፣ ሳኪ የምትባል ሰባት ዓመት ሊሞላት የደረሰች ልጅ፣ ከወንበሯ ኋላ ሆና በአንድ ዓይኗ ነው የምታየኝ። ፖሙንና ውሻውን አልን። ቀትር ሲደርስ ሁላችንም አንድ ገበታ ከበብን። እነሱ ምሳ ሲጀምሩ እጃቸውን አጋጥመው አንድ ቃል በአንድ ላይ ይላሉ፤ ሁሉም ሳይቀርብለት ማንም አይጀምርም። እኔ ፊት ምንም የለም። ልጆቹ እጃቸውን አጋጥመው ባዶ ቦታዬን አዩ። ምግቡ ይቀዘቅዛል።

አቶ ሞሪ "አይበሉም?" አሉኝ።

እኔም በጎንደር ጨዋነት "በኋላ እበላለሁ፤ እናንተ ብሉ" አልኳቸው።

"በኋላ ስንት ሰዓት?"

"ዘጠኝ ሰዓት።"

እዚያ አገር ሰው ሲቸግረው እንደሚያደርገው አየሩን በጥርሳቸው መሐል ሳቡት። ልጆቹም ዓይናቸውን ከእኔ ሳያነሡ በዝምታ በሉ። ቀብር ላይ ያለሁ መሰለኝ።

ረቡዕ

ቀትር ሆነ፤ የምሳ ደወል አልተደወለም። ልጆቹ አንዳንድ ብርጭቆ ወተት ጠጥተው ተመለሱና አንድ ክፍለ ጊዜ ጨመርን። ከዚያ ክፍል ጠረግን፤ እዚያ አገር ወለሉን የሚወለውሉት ልጆቹ ራሳቸው ናቸው። አሁንም ምሳ የለም። የረቡዕ ፕሮግራማቸው ነው ብዬ ዝም አልኩ። ምግብ የሚያሳይ ሥዕል ሳነሣ ግን የአንዱ ሆድ ከእኔ ቀድሞ ጮኸ። ሳኪ ግንባሯን ጠረጴዛው ላይ ደፋች።

ልክ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ደወሉ ተደወለ። እማማ ፉሚ ነጭ ሽርጣቸውን ታጥቀው፣ ትልቅ ድስት በባለ ጎማ ጠረጴዛ እየገፉ፣ እንደ ድል አድራጊ ገቡ። ድንች፣ ካሮት፣ ከአኩሪ አተር የተሠራ ነጭ እርጎ መሳይ፣ ሁሉም በባሕር ቅጠል መረቅ የተሠራ። ለእኔ ብቻ አይደለም፤ ለሁሉም ነው። ፊቴም ሳህን ተቀመጠ።

አቶ ሞሪ ተነሥተው አስረዱኝ። እንግዳ ብቻዋን መብላት የለባትም በሚል ማክሰኞ ከሰዓት ስብሰባ ተቀምጠዋል። ወላጆች ተጠይቀው ተስማምተዋል። ልጆቹም እጅ አውጥተው በድምፅ ብልጫ ወስነዋል፦ እስከ ዓርብ ድረስ ምሳ ዘጠኝ ሰዓት ነው።

"እኔ እጄን አላወጣሁም" አለች ሳኪ፣ ግንባሯን ሳታነሣ።

እንዳይፈሩ የተላክሁት ሴት በሁለተኛው ቀን አንድ ትምህርት ቤት ሙሉ አስጾምኩ። ያን ድንች እንዴት እንደዋጥኩት አላውቅም። እምቢ ብል ያን ሁሉ የለፉበትን መወርወር ነው። እሺ ብል ደግሞ ሕፃን ልጅ በእኔ ምክንያት ሁለት ቀን ትራባለች። ቀትር ላይ ልብላ ብል፣ ከልጅነቴ ጀምሮ ያጠፍኩት የጾም ሰዓት የለም።

ማታ ላይ፣ ደብረ ታቦር ገና ቀን ነው፣ ለንስሐ አባቴ ደወልኩ።

"ምነው፣ ታመምሽ?"

"አልታመምኩም አባ። ልጆች አስጾምኩ።"

ከኋላቸው ዶሮ ይጮኻል።

"የማን ልጆች?"

"የሰው።"

"ክርስቲያን ናቸው?"

"አይደሉም።"

"ታዲያ እንዴት አድርገሽ ነው? እኛ እዚህ የተጠመቁትን ማስጾም አቅቶናል።"

"እኔ እኮ 'በኋላ እበላለሁ' ብቻ ነው ያልኩት!" ብዬ ሁሉንም ነገርኳቸው። ስለ ሳኪ ስነግራቸው ድምፃቸው ተለወጠ።

"እንኳን የእነሱን፣ የእኛንም ልጅ በዚህ ዕድሜ ግድ አንለውም። ምግቡ ውስጥስ ምን አለ?"

"ምንም ፍስክ የለበትም አባ። ሴትዮዋ ሁሉን ለእኔ ሲሉ ጾም አድርገውታል።"

"ለሁሉም ልጆች?"

"ለሁሉም።"

"አይ እኚህ ሴት!" አሉ አባ። "ስሚኝ። ፍስክ እንዳትነኪ፤ እሱ እንዳለ ነው። ሰዓቱን ግን፣ ልጆቹ አጠገብ እስካለሽ ድረስ፣ ለእነሱ ተዪላቸው። አብረሻቸው ብዪ። በፈንታው እራትሽ ይቅር።"

"እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ አባ።"

"ደግሞ ይህን 'በኋላ' የምትይውን ተዪ። እናትሽ ስለ ትዳር ስትጠይቅሽም መልስሽ እሱው ነው አሉ።"

ሐሙስ

ጠዋት ለአቶ ሞሪ ቀትር ላይ እንደምበላ ነገርኳቸው። በድምፅ የተወሰነ በድምፅ ካልሆነ አይሻርም አሉና ልጆቹ እንደገና ተሰበሰቡ። ከሁሉም የምትበልጠዋ ልጅ ተነሥታ "ለእኛ ብለው ከሆነስ?" አለች። የአገሬ አባት እንዳዘዙኝ አስረዳሁ።

"የእርስዎ ርእሰ መምህር ናቸው?"

"እንደዚያ በይው።"

እጅ ወጣ። ሳኪ ሁለቱንም አወጣች። አቶ ሞሪ አንዱን አስወረዷት።

ቀትር ላይ በላን። ከእነዚያ ልጆች ጋር እጄን አጋጥሜ ቃላቸውን ስል ሳኪ ከሥሬ ሆና ማንኪያዬን ትጠብቅ ነበር። የመጀመሪያውን ስጎርስ አረጋግጣ ጀመረች።

ነገሩ አለቀ ብዬ ወደ ቤት ገባሁ። እማማ ፉሚ እራት ሲያቀርቡ ዛሬ እራት እንደማልበላ ነገርኳቸው። "ደግ" አሉና የራሳቸውን ሳህን ወደ መደርደሪያው መለሱ።

"እማማ፣ እርስዎ ይብሉ እንጂ!"

"ብቻዬን አልበላም።"

"ሌላ ጊዜስ?"

"ሌላ ጊዜ ሰው የለም። ሰው ባለበት ግን ብቻዬን አልበላም።"

ከዚያ እየሣቁ፣ ግን እኔን ሳያዩኝ፣ አወጉኝ። ባላቸው ከሞቱ ወዲህ እራታቸውን ብቻቸውን ነው የሚበሉት። ምሳን ግን ያን ሁሉ ዘመን ከልጆቹ ጋር ነው። አሁን ትምህርት ቤቷ ስትዘጋ ምሳውም እንደ እራቱ ሊሆን ነው። ምሳው ዘጠኝ ሰዓት ይሁን ብለው ስብሰባውን ያስጀመሩት እሳቸው ኖረዋል።

"ባዶ ቦታሽን ሳይ ነገሩ ገባኝ" አሉ።

እነሆ ልጆቹን አስፈስኬ ባልቴቷን አስጾምኩ። ወደ አባ ደግሞ መደወል አፈርኩ። ተነሥቼ እጄን ታጠብኩና ከሩዙ በጣቶቼ ጠቅልዬ ወደ አፋቸው አቀረብኩ።

"ምንድን ነው?"

"አፍዎን ይክፈቱ። እኛ አገር ሰው ሲከብር በእጅ ይጎርሳል።"

"ጾምሽስ?"

"የሚከለከለው መጉረስ ነው እማማ፤ ማጉረስ አይከለከልም።"

እንደ ሕፃን ዓይናቸውን ጨፍነው ጎረሱ። ከዚያ አፋቸውን በእጃቸው ሸፍነው እንባቸው እስኪመጣ ሣቁ። እናታቸው ከሞቱ ወዲህ ያጎረሳቸው ሰው የለም። አንድ ብቻ አይበቃም አልኳቸው፤ ሁለተኛውን ደገምኩ፤ በዚህ ዓይነት ሩዙ አለቀ። እኔ ምንም አልቀመስኩም። ጠግቤ ግን አደርኩ።

ዓርብ

ከምሳ በኋላ ሰባቱም ልጆች፣ አቶ ሞሪና እማማ ፉሚ ፌርማታው ድረስ ሸኙኝ። ሻንጣዬን መንሸራተቻው ላይ ልጆቹ ጎተቱት፤ መሐል መንገድ ሳኪም ተጨምራ ተጫነች። እማማ ፉሚ በጨርቅ የተቋጠረ ነገር እጄ ላይ አኖሩ። የባሕር ቅጠል መስሎኝ ነበር፤ ቤት ስፈታው ትንሽ የጨው ዕቃ ነው። "ነጭ ለብሳ የምትመጣ ካየሽ" ብለው ጽፈውበታል። ሽማግሌው ሾፌር በሩን ከፍተው ጠበቁ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ በፌርማታው ሰው ስላገኙ ነው መሰለኝ ኮፍያቸውን አወለቁ።

ዛሬ እማማ ፉሚ ዘንድ ቅዳሜ ቅዳሜ እወጣለሁ። ምሳ አብረን እንበላለን፤ የኔን ወጥ ሠርቼላቸው ሲያቃጥላቸው ጨው እንደሚያመጡብኝ ያስፈራሩኛል። እናንተ እኅቶቼ የጠየቃችሁኝ ግን ስለ ልጆቹ ነውና እሱን ልጨርስ።

መጋቢት ሲያልቅ ሰባቱ ልጆች ወደ ከተማው ትምህርት ቤት ወረዱ። ጾሙ ገና ነበር። የመጀመሪያው ቀን ቀትር ላይ እንደ ልማዴ መምህራን ክፍል ተቀምጬ ደብተር ሳርም ከታችኛው ፎቅ አንዲት መምህርት በሩን ከፍታ ገባች።

"ከተራራው የመጣችው ትንሿ ልጅ ምሳዋን አልነካም ብላለች። ክፍሉ ሁሉ ጀምሯል፤ እሷ እጇን አጋጥማ ቁጭ ብላለች።"

"አሟት ነው?"

"አይመስለኝም። በሩን ነው የምታየው።"

ደብተሩን ዘጋሁት። ለዘጠኝ ሰዓት የቋጠርኳትን ምሳዬን ይዤ ደረጃውን ስወርድ የአባ ድምፅ ነበር የሚሰማኝ፦ ልጆቹ አጠገብ እስካለሽ ድረስ።

የማያውቋቸው ልጆች መሐል ሳኪ እጇን እንዳጋጠመች ነበረች። ወንበር ስቤ አጠገቧ ተቀመጥኩ። ቋጠሮዬን ፈትቼ እጄን አጋጠምኩ። ቀና ብላ አየችኝ።

"ቲቸር፣ ዛሬ ስንት ሰዓት ነው የምንበላው?"

"አሁን" አልኳት።